የመዳብ ኔትወርክ ገመድ ሲገዙ ከቁጥሩ በፊት መዳቡን ይዩ

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ላይ ጂ+2 ቤት እየሠራሁ ነው። ምድሩን ለቢሮ ላከራየው፣ ላዩን ልኖርበት አስቤአለሁ። ልስን ሳይጀመር የኔትወርክ ገመድ ላስቀብር ብዬ ሱቅ ብሄድ ካት 5ኢ፣ ካት 6፣ ካት 7፣ ዩቲፒ፣ ኤፍቲፒ እያሉ ግራ አጋቡኝ። አንዱ ሻጭ ‹ካት 7 ውሰድና ተገላገል› አለኝ። ሌላው የካት 6 ካርቶን በግማሽ ዋጋ አሳየኝ። ኤሌክትሪሻኑ ደግሞ ‹ለስልክና ለዲሽ የሳብኩት ገመድ አለ፣ ለምን እሱን አትጠቀምም?› ይላል። የግቢው በርና ሰርቪሱ ላይ ካሜራም ልሰቅል ነው። ምን ልግዛ? ጫፉ ላይስ ምን ይታሰራል?»

መልስ፦ አጭሩን ላስቀድም። ካት 6፣ ሙሉ መዳብ፣ ፎይል የሌለው ይግዙ። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው ገመድ ጫፉ ላይ ፕላግ (ተሰኪው ወንዱ ማያያዣ) ሳይሆን ጃክ (ግድግዳ ላይ የሚገጠመው ሴቷ) ይታሰርለት። የካት 7ቱን ሻጭ አመስግነው ይለፉት። በግማሽ ዋጋ የታየዎትን ካርቶን ደግሞ ሳይፈትሹ ብር አይክፈሉበት። ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ይልቅ ሽቦው ከምን እንደተሠራና ጫፉ እንዴት እንደታሰረ ነው ኔትወርክዎን የሚወስነው። በደንብ የታሰረ የመዳብ ካት 5ኢ፣ በዘፈቀደ ከታሰረ ካት 7 በብዙ ይሻላል።

ከኤሌክትሪሻኑ ሐሳብ ልጀምር፤ ቶሎ ያልቃል።

የዲሹ ገመድ ኮአክሲያል ይባላል። መሃሉ ላይ አንድ ሽቦ፣ በዙሪያው ነጭ ፕላስቲክ፣ ከዚያ ፎይልና የተጎነጎነ የሽቦ መረብ፣ ከላይ ላስቲክ አለው። ለዲሽ የሚሸጠው በብዛት አርጂ 6 የሚባለው ነው። ጫፉ ላይ የሚታሰረው እየተጠመዘዘ የሚገባው ኤፍ ኮኔክተር ነው። እዚህ ላይ ፒን ሆኖ የሚያገለግለው የገመዱ የራሱ የመሃል ሽቦ ነው። ስለዚህ ሽቦው ከተጣመመ ወይም የመረቡ አንዲት ክር ከነካችው ሥዕሉ ይጠፋል። የቆዩ አናሎግ ካሜራዎችም ኮአክሲያል ይጠቀማሉ። የእነሱ ገመድ ቀጠን ያለው አርጂ 59 ሲሆን፣ ጫፉ ላይ ያለው ገፍተው ሩብ ዙር የሚያዞሩት ቢኤንሲ ነው።

በነገራችን ላይ የኮምፒውተር ኔትወርክም በአንድ ወቅት በኮአክሲያል ነበር የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወፍራሙ መጣ፤ እስከ 500 ሜትር ይሄድ ነበር። ቀጥሎ ቀጭኑ አርጂ 58 መጣ፤ የሱ ልክ 185 ሜትር ነው። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ በአንድ ገመድ ላይ በቲ ቅርጽ ባለው ቢኤንሲ ይደረደራሉ። ሁለቱ ጫፎች ላይ ደግሞ 50 ኦም መዝጊያ ይደረጋል። አንዱ ማያያዣ ሲላላ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሥራ ያቆማል። ፍጥነቱም 10 ሜጋቢት ብቻ ነበር፤ እሱኑ ሁሉም ይካፈለዋል። ያ ዘመን አልፏል። የዛሬው የዲሽ ገመድ 75 ኦም ነው። ኮምፒውተር ላይም ስዊች (የኔትወርክ ገመዶች ሁሉ የሚሰኩበት ማከፋፈያ ሳጥን) ላይም የሚሰካበት ቦታ የለውም። በሁለቱም ጫፍ መለወጫ ዕቃ ገዝቶ ማሠራት ይቻላል። ግን ግድግዳው ገና ላልተለሰነ ቤት ይህን ማሰብ ገንዘብ ማባከን ነው። የዲሹ ገመድ ለዲሹ ይቆይ።

የስልኩ ገመድ ሁለት ወይም አራት ሽቦ አለው። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሿ ፕላግ አርጄ 11 ናት። ኢንተርኔት በስልክ መስመር፣ ማለትም በኤዲኤስኤል፣ ሲገባ ከግድግዳው እስከ ሞደሙ የሚሠራው ይኸው ገመድ ነው። ከሞደሙ በኋላ ግን አይረባም። የዛሬው ኔትወርክ ስምንት ሽቦ ይፈልጋል። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ አርጄ 11 ፕላግ በአርጄ 45 ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ስለገባ ግን ገጠመ ማለት አይደለም። የፕላስቲኩ ጠርዝ በግራና በቀኝ ዳር ያሉትን ፒኖች ተጭኖ ሊያጎብጣቸው ይችላል። ሕፃናት ባሉበት ቤት ይህ የተለመደ አደጋ ነው።

የኤሌክትሪሻኑ ገመድ ግን ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም። ስልክ የማያስፈልግዎት ክፍል ውስጥ አሮጌውን ገመድ እንደ መሳቢያ ይጠቀሙበት። አዲሱን ጫፉ ላይ አጥብቀው በቴፕ ያስሩና ከወዲያ በኩል ይሳቡት። የኤሌክትሪክ መስመር ያለበት ቱቦ ውስጥ ግን በጭራሽ አያስገቡት። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ገመድ። የኔትወርክ ገመድ ቢላጥ ውስጡ ስምንት ሽቦ አለ። ሁለት ሁለት እየሆኑ የተጠማዘዙ ናቸው፤ ስለዚህ አራት ጥንድ ይሆናሉ። መጠማዘዙ ለማሳመር አይደለም። አንዱ ሽቦ ላይ የሚሄደው ምልክት ሌላኛው ላይ ተገልብጦ ይሄዳል። ተቀባዩ የሁለቱን ልዩነት ብቻ ነው የሚያነበው። ከውጭ የመጣ ረብሻ፣ ለምሳሌ ከመብራት መስመር ወይም ከሞተር፣ ተጠማዝዘው የተቃቀፉትን ሁለቱን ሽቦዎች እኩል ይመታቸዋል። ልዩነቱ ሲወሰድ ረብሻው ተጣፍቶ ይቀራል። ይህን ሐሳብ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 ለስልክ መስመር አስመዝግቦታል። ዛሬም የምንኖረው በዚያው ነው። አራቱ ጥንዶች አንዳቸው ከሌላው በተለየ ጥብቀት የተጠማዘዙትም እርስ በርስ እንዳይረባበሹ ነው። ስለዚህ ገመዱን የሚያስር ሰው ጥምዝማዙን ብዙ ሲፈታ ካዩ ይቆጡ።

ቁጥሮቹ እንግዲህ ምን ያህል ከፍ ያለ ድግግሞሽ መሸከም እንደሚችል የሚነግሩ ናቸው። ካት 5ኢ እስከ 100 ሜጋኸርዝ ነው። 1 ጊጋቢት በሰከንድ ለ100 ሜትር ያደርሳል። ጊጋቢት በመዳብ የሚሠራበት ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወጣ ለዚሁ ቤተሰብ ገመድ ነው የታሰበው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በዚሁ ገመድ 2.5 ጊጋቢት የሚሠራበት ደረጃ ጸደቀ። ስለዚህ «ካት 5ኢ ዘመኑ አልፎበታል» የሚል ሻጭ ካገኙ ትርፉን እያሰበ ነው ማለት ነው። ካት 6 እስከ 250 ሜጋኸርዝ ይሄዳል። ጊጋቢትን ያለ ጭንቀት ያስኬዳል፤ ሁኔታው ምቹ ከሆነ እስከ 55 ሜትር ድረስ 10 ጊጋቢት ይሸከማል። ካት 6ኤ 500 ሜጋኸርዝ ነው፤ 10 ጊጋቢትን ሙሉ 100 ሜትር ያደርሳል። ግን ወፍራም ነው፣ ቱቦ ይሞላል፣ ለማጠፍም ያስቸግራል። ካት 8 እስከ 2000 ሜጋኸርዝ ድረስ ቢሄድም ርቀቱ 30 ሜትር ብቻ ነው። እሱ የተሠራው ለዳታ ማዕከል ነው፤ እርስዎን አይመለከትም።

ታዲያ ካት 5ኢ ከበቃ ለምን ካት 6 አልኩ? ግድግዳ ውስጥ ስለሚቀበር። ግድግዳ እንደገና አይፈረስም። የካት 6 ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ወፈር ይላል። የካት 5ኢ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የካት 6 ወደ 0.57 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ብዙዎቹ መሃላቸው ላይ አራቱን ጥንዶች የሚለያይ መስቀል ቅርጽ ያለው ፕላስቲክ አላቸው። ወፈር ማለቱ ለካሜራዎችዎም ይጠቅማል። ምክንያቱም መብራት የሚሄድላቸው በዚሁ ገመድ ነው።

ካት 7 ለምን አይሆንም? እንዲህ ነው ነገሩ። ካት 7 በዓለም አቀፉ ደረጃ ውስጥ አለ፤ 600 ሜጋኸርዝ። አብዛኛው ገበያ የሚከተለው የአሜሪካው ደረጃ አውጪ ግን አልተቀበለውም፤ ከ6ኤ ወደ 8 ነው የዘለለው። ከዚህ በላይ የሚገርመው ጫፉ ነው። ካት 7 ሲታሰብ አብረውት የታሰቡት ጂጂ 45 እና ቴራ የሚባሉ ሌሎች ኮኔክተሮች ናቸው። እነሱን የሚቀበል ራውተር ወይም ስዊች በተለመደው ገበያ የለም። ስለዚህ ሁሉም ሰው የሚያስርበት የለመድነውን አርጄ 45 ነው። ያን ጊዜ ከ6ኤ የተለየ ነገር አያገኙም። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ጥንድ በፎይል የተጠቀለለ፣ ከላይ በመረብ የተሸፈነ ነው። አስሮ ለመጨረስ ጊዜ ይፈጃል። ግራውንድም፣ ማለትም ከመሬት ጋር የሚያገናኝ ሽቦ፣ ይፈልጋል። ሱቅ ውስጥ ያለው ጠፍጣፋና ርካሽ «ካት 7» ፓች ኮርድ (ከግድግዳ ወደ ዕቃ የሚሄድ አጭር ገመድ) ደግሞ ቁጥሩ ላስቲኩ ላይ ስለታተመ ብቻ ካት 7 የሆነ ነው።

ግራውንድ ካልን ስለ ፎይሉ ልበል። ዩቲፒ ምንም መከላከያ የሌለው ነው። ኤፍቲፒ አራቱን ጥንድ አንድ ላይ የሸፈነ ፎይል አለው። ኤስ/ኤፍቲፒ ተብሎ ከተጻፈ ከውጭ የሽቦ መረብ፣ ከውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ጥንድ ላይ ፎይል አለ ማለት ነው። ከጭረቱ በፊት ያለው ፊደል የውጩን፣ ከጭረቱ በኋላ ያለው የጥንዶቹን ይናገራል። ፎይል ያለው ገመድ የሚጠቅመው ፋብሪካ፣ ትልልቅ ሞተር፣ ሊፍት፣ ጄኔሬተር ክፍል አጠገብ ነው። የሚጠቅመውም ሙሉ ሥርዓቱ ሲሟላ ነው፤ ጃኩም፣ ፕላጉም፣ ፓች ፓኔሉም (ከየክፍሉ የመጡ ገመዶች የሚታሰሩበት ባለ ብዙ ጃክ ሰሌዳ) ብረት ለብሶ ፎይሉ ከትክክለኛ ግራውንድ ጋር ሲገናኝ። የቤቱ ግራውንድ የይስሙላ ከሆነ ፎይሉ ረብሻ የሚሰበስብ አንቴና ሊሆን ይችላል። ለመኖሪያና ለተራ ቢሮ ዩቲፒ በቂ ነው።

አሁን ወደ ግማሽ ዋጋው ካርቶን እንምጣ። በዚህ ጉዳይ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘብ የሚበላው እዚህ ጋ ነው።

በግማሽ ዋጋ የሚሸጠው «ካት 6» አብዛኛውን ጊዜ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ካርቶኑ ላይ ሲሲኤ ተብሎ በትንንሽ ፊደል ይጻፋል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይጻፍም። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ 60 በመቶ ገደማ ነው። የካት 5ኢም ሆነ የካት 6 ደረጃ ሽቦው መዳብ እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ ሲሲኤ ላይ «ካት 6» ብሎ መጻፍ በራሱ ውሸት ነው። አጭር ርቀት ላይ ኮምፒውተር ለማገናኘት ይሠራል፤ ሰው የሚሸወደውም ለዚህ ነው። ሲተከል ይሠራል፣ ቴክኒሻኑ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል።

ጉዱ የሚታየው በኋላ ነው። አሉሚኒየም ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ይሰበራል። ጃክ ውስጥ ተጨፍልቆ የገባው ሽቦ በጊዜ ብዛት ይላላል፣ አየር ሲያገኘውም ይበላሻል። ከሁሉም የሚከፋው ግን በኔትወርክ ገመድ መብራት ሲላክ ነው። ባለሙያዎቹ ፒኦኢ ይሉታል። ካሜራው የተለየ የመብራት መስመር አያስፈልገውም፤ ስዊቹ በዚያው ገመድ ይልክለታል። እ.ኤ.አ. የ2003ቱ ደረጃ ከስዊቹ 15.4 ዋት ያወጣል። የ2009ኙ 30 ዋት ነው፤ ከዚህ ውስጥ 25.5 ዋት መሣሪያው ጋ ይደርሳል ተብሎ የተሰላው ገመዱ መዳብ ነው በሚል ነው። የ2018ቱ እስከ 90 ዋት ይሄዳል። ገመዱ አሉሚኒየም ሲሆን ብዙው ኃይል መንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ብዙ ገመዶች በአንድ ቱቦ ውስጥ ከታጨቁ ሙቀቱ ይከማቻል። ካሜራዎ ቀን ቀን ደህና እየሠራ፣ ሲጨልም የማታ መብራቱን ሊያበራ ሲል እየጠፋ የሚነሳ ከሆነ መጀመሪያ ገመዱን ይጠርጥሩ።

እንዴት ይለያል? ሱቁ ውስጥ ቆመው አንድ ሽቦ ይላጡና በቢላ ጫፍ ፋቅ ፋቅ ያድርጉት። ከመዳቡ ቀለም ሥር ብርማ ነገር ከወጣ አሉሚኒየም ነው። ተገላቢጦሹም አለ፤ ላዩ ብርማ ሆኖ ሲፋቅ ውስጡ ቀይ ከሆነ ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ነው፣ ችግር የለበትም። ካርቶኑንም ያንሱት። መዳብ ከአሉሚኒየም በሦስት እጥፍ ይከብዳል። 305 ሜትር ሙሉ መዳብ በአንድ እጅ እንደ ቀላል ነገር አይነሳም። ጎን ለጎን ሁለት ካርቶን ካነሱ እጅዎ ራሱ ይነግርዎታል።

ገመዱ ተቀብሮ ከሆነም መፈተሻ አለ። መልቲሜትር ያለው ኤሌክትሪሻን ይበቃል። ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ከዕቃ ይንቀሉት። በአንደኛው ጫፍ የአንድ ጥንድ ሁለት ሽቦዎችን አንድ ላይ ያገናኙ። በሌላኛው ጫፍ በሁለቱ መሃል ያለውን ኦም ይለኩ። ደረጃው ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ሽቦ ከ9.4 ኦም እንዳይበልጥ ይላል። የ50 ሜትር ገመድ ሄዶ ሲመለስ 100 ሜትር ሽቦ ነው። ስለዚህ ንባቡ ከዚያ በታች መሆን አለበት። 13 ወይም 14 ካነበበ መዳብ ነው ብለው አይሸወዱ።

ጫፉ ላይ ስለሚታሰረው። ሁሉም አርጄ 45 የሚለው ስምንት ፒን ያለው ማያያዣ ሁለት ወገን አለው። ወንዱ ፕላግ ነው፣ ሴቷ ጃክ። የገመዱም ሽቦ ሁለት ዓይነት ነው። ግድግዳ ውስጥ የሚገባው እያንዳንዱ ሽቦ አንድ ድፍን ክር ነው። ከግድግዳ ወደ ኮምፒውተር የሚሄደው ፓች ኮርድ ግን ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ቢተጣጠፍም አይሰበርም። ድፍኑ ለመቀበር፣ ክሩ ለመንቀሳቀስ። ድፍን ሽቦ ላይ ፕላግ አስሮ ከግድግዳው አንጠልጥሎ መተው እኛ አገር በጣም የተለመደ ነው። አልወደውም። ገመዱ በተነካካ ቁጥር ሽቦው ፕላጉ ውስጥ ይደክማል፣ አንድ ቀን ይሰበራል፣ ከግድግዳ የሚወጣ ትርፍም አይኖርም። የሚገባው አሠራር በክፍሉ በኩል ግድግዳ ላይ የሚገጠም ጃክ፣ ራውተሩ ባለበት በኩል ደግሞ ፓች ፓኔል ነው። ሁለቱም ላይ ሽቦው የሚገባው በመምቻ መሣሪያ ነው፤ ቴክኒሻኖች ክሮን ይሉታል። በካቻቢቴ ገፍቶ የሚያስገባ ካዩ ያስቁሙት። የጃኩን ምላስ ያሰፋዋል፣ ግንኙነቱም ይላላል።

ጣሪያ ላይ ለሚሰቀል ካሜራ ወይም ዋይፋይ ማሰራጫ ግን ፕላግ ቢታሰር አልቃወምም፤ ማንም አይነካካውም። ያን ጊዜ ለካት 6 የተሠራ ፕላግ ይገዛ። የካት 5ኢ ፕላግ ቀዳዳው ስለሚጠብ ወፍራሙ ሽቦ አይገባለትም። ፕላጎች ለድፍን ሽቦና ለክር ሽቦ የተለያዩ ጥርሶች አሏቸው፤ ለሁለቱም የሚሆንም አለ። ሲገዙ ይጠይቁ።

የቀለም ቅደም ተከተል ሁለት ነው፤ ኤ እና ቢ ይባላሉ። በብዛት የሚሠራበት ቢ ነው። ፕላጉን የወርቅማ ፒኖቹ ወደ ላይ፣ ምላሱ ወደ ታች፣ ገመዱ ወደ እርስዎ ሆኖ ሲይዙት ከግራ ወደ ቀኝ እንዲህ ነው፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። ኤ የሚለየው ብርቱካናማውና አረንጓዴው ጥንድ ቦታ በመቀያየራቸው ብቻ ነው። የቱን መምረጥዎ ለውጥ የለውም። ቤቱ በሙሉ ግን አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱ ጫፍ ኤ፣ ሌላው ቢ ከሆነ ክሮስ ገመድ ይሆናል። ድሮ ሁለት ኮምፒውተር በቀጥታ ለማገናኘት ይጠቅም ነበር። የዛሬ ዕቃዎች ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ አያስፈልግም።

አረንጓዴው ሰማያዊውን በሁለት በኩል አቅፎ መቀመጡን ልብ ይበሉ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚስተው። «ዋናው በሁለቱም ጫፍ አንድ መሆኑ ነው» ብሎ ቀለሞቹን በራሱ ቅደም ተከተል፣ ጥንድ ጥንዱን አጠገብ ላጠገብ የሚያስር አለ። በርካሹ ባለ አምፖል መፈተሻ ከ1 እስከ 8 ተራ በተራ ይበራል። «ይሠራል» ይባላል። ግን 3 እና 6 ቁጥር ላይ የሚሄደው ምልክት ከሁለት የተለያዩ ጥንዶች በተወሰዱ ሽቦዎች ነው የሚጓዘው። ጥምዝማዙ አይሠራለትም። ገመዱ ረዘም ሲል ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ይቆራረጣል፣ ምክንያቱም አይታወቅም። ባለ አምፖሉ መፈተሻ ይህን ስህተት ፈጽሞ አያይም። ጥምዝማዙንም ጃኩ ጋ ሲደርስ ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አያስፈቱ።

ቀላል ማረጋገጫ ልንገርዎ። ጊጋቢት ያለው ላፕቶፕ ከጊጋቢት ስዊች ጋር በዚያ መስመር ያገናኙ። የኔትወርኩ መረጃ ላይ 1 ጊጋቢት ካሳየ ስምንቱም ሽቦ አለ። 100 ሜጋቢት ካሳየ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊው ወይም ቡናማው ጥንድ አንድ ቦታ ላይ ተቋርጧል። 100 ሜጋቢት 1፣ 2፣ 3 እና 6 ቁጥርን ብቻ ስለሚጠቀም ቢቋረጥም ኢንተርኔቱ ይሠራል፤ ስለዚህ ማንም ሳያውቀው ዓመታት ያልፋሉ።

ርቀትን በተመለከተ ልኩ 100 ሜትር ነው። 90ው ግድግዳ ውስጥ፣ 10ሩ ለሁለቱ ጫፍ ፓች ኮርዶች። የእርስዎ ቤት ውስጥ ይህ አያሳስብም። ማጠፊያው ላይ ግን ገመዱ እንዳይሰበር የዙሩ ሬዲየስ (ከመሃሉ እስከ ጠርዙ ያለው) ከገመዱ ውፍረት አራት እጥፍ እንዳያንስ ያድርጉ። ሲሳብም እንደ በሬ አይጎተት።

ከ220 ቮልቱ መስመር ያርቁት። የተለየ ቱቦ ይኑረው። ቱቦ ቆጥበን በአንድ ላይ እናስገባው የሚል ካለ እሺ አይበሉ። ረብሻው ይቅርና፣ የመብራቱ ሽቦ ላስቲክ አንድ ቀን ቢላጥ 220 ቮልት በኮምፒውተሩና በሰው እጅ ላይ ይመጣል። መስመሮቹ መተላለፍ ግድ ከሆነባቸው መስቀለኛ ይሻገሩ እንጂ ጎን ለጎን አይሂዱ።

አሁን የበሩና የሰርቪሱ ካሜራ። ከቤት ውጭ የሚሄደው ገመድ ሌላ ዓይነት ነው። ግራጫው የቤት ውስጥ ገመድ ላስቲኩ ለፀሐይ አልተሠራም፤ ይሰነጣጠቅና ዝናብ ያስገባል። ለውጭ ተብሎ የተሠራውን ጥቁሩን ይግዙ። መሬት ውስጥ የሚቀበር ከሆነ ውሃ እንዳይዘልቅ ውስጡ ቅባት የተሞላውን ይምረጡና በቱቦ ያስገቡት።

ክረምት ላይ ደግሞ መብረቅ አለ። ገመዱን በቀጥታ መምታት አይጠበቅበትም፤ አቅራቢያ ሲወድቅ በገመዱ ውስጥ የሚፈጥረው ኃይል ስዊቹንም፣ ራውተሩንም፣ መቅረጫውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ለበሩ ካሜራ በሁለቱም ጫፍ የመብረቅ መከላከያ ያስገቡ፣ ግራውንዱም በትክክል ይያያዝ። ሰርቪሱ የራሱ መብራት ካለው ግን ምክሬ የተለየ ነው። ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ በመዳብ አይሂዱ፤ በፋይበር፣ ማለትም በመስታወት ክር፣ ይሂዱ። መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የሁለቱ ቤቶች ግራውንድ ቢለያይም፣ መብረቅ ቢመጣም አንዱ የሌላውን ዕቃ አያቃጥልም። ፋይበሩን ከኔትወርክ ገመድ ጋር የሚያገናኙ ሁለት መለወጫዎችና ጫፉ ተሠርቶ የሚሸጥ ፋይበር ይበቃዎታል። እዚያ አንድ ትንሽ ስዊች ይቀመጣል፤ ካሜራው ከሱ ይነሳል።

ስንት መስመር? ለእያንዳንዱ የቢሮ ክፍል ቢያንስ ሁለት፣ ለሳሎንዎ ቴሌቪዥን ጀርባ ሁለት፣ በየፎቁ ኮሪደር ጣሪያ ላይ ለዋይፋይ አንድ አንድ። ሁሉም ራውተሩ ወደሚቀመጥበት አንድ ቦታ ይምጡ። የቴሌው መስመር ፋይበርም ይሁን ስልክ የሚገባው እዚያው ቢሆን ይመረጣል። ለተከራዩ ቢሮ የሚሄዱት ገመዶች ከእርስዎ ለብቻ ይታሰሩ፤ በኋላ ተከራይ ሲለወጥ ጣጣ የለውም። እያንዳንዱ ገመድ ሁለቱም ጫፉ ላይ ቁጥር ይጻፍበት። ልስኑ ከመጀመሩ በፊት በስልክዎ ግድግዳዎቹን ፎቶ ያንሱ፤ ምስማር የሚመታ ሰው ቱቦው የት እንዳለ ያያል።

ለቴክኒሻኑ የመጨረሻውን ክፍያ የሚከፍሉት እያንዳንዱ መስመር ላይ 1 ጊጋቢት ሲታይ ነው። ይህን ሥራው ሳይጀመር ይነጋገሩ። ፍተሻው ሁለት ጊዜ ይሁን፤ አንዱ ገመዱ እንደተሳበ፣ ልስኑ ሳይነካው፣ ሌላው ጃኩ ከተገጠመ በኋላ።